ዩዋን ፕላስ ወይስ አይዲ ፎር፦ ለልጄ ከሐዋሳ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ፍለጋሽን በሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ መጨረስሽ ጥሩ ነው፤ ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስና ቮልስዋገን አይዲ ፎር። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ በየመሸጫው ደጅ ተደርድረው የሚታዩት እነዚሁ ናቸው። ያሳሰበኝ ግን ያወዳደርሽበት መንገድ ነው። ከሁሉ በፊት የጻፍሽው «አንዱ 510፣ ሌላው 550 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚለውን ነው። ከዚያ አትጀምሪ። መኪናው የት እንደሚያድርና ከየትኛው ሶኬት እንደሚሞላ ነው መጀመሪያ መታየት ያለበት።

ያየሽው ቁጥር ሲኤልቲሲ የሚባለው የቻይና መለኪያ ነው፤ በዝግታ ተነድቶ የሚለካ ስለሆነ ቁጥሩ ይበዛል። ያው ባለ 60.48 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ዩዋን ፕላስ በአውሮፓው ደብሊውኤልቲፒ ሲለካ 420 ኪሎ ሜትር ነው የተመዘገበለት። እኔ ስሌቴን ሁሉ የምሠራው ዩዋን ፕላስ በ100 ኪሎ ሜትር 16፣ አይዲ ፎር ደግሞ 18.5 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ ብዬ ነው። አይዲ ፎር ከ400 ኪሎ በላይ ይከብዳል፤ የሞተራቸው ጉልበት ግን እኩል ነው፣ ሁለቱም 150 ኪሎዋት። ከፍታው አያስጨንቅሽ። የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ አንድ አሥረኛ ጉልበቱን ያጣል፤ ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ እንጦጦ ላይም ያው ነው።

ከቤትሽ ከሰሚት እስከ ሥራሽ ሜክሲኮ ደርሶ መልስ 35 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ዩዋን ፕላስ በቀን የሚበላው 6 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከተራ ሶኬት በ10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት ይገባል፤ በሦስት ሰዓት የቀኑን ትመልሺዋለሽ ማለት ነው። ስለዚህ ለሥራ መመላለሻ ትልቅ ባትሪ አያስፈልግሽም፤ የሚያስፈልግሽ ማታ ማታ የማይጠፋ አንድ ሶኬት ነው። የኮንዶሚኒየሙ ቆጣሪዎች ደረጃው ሥር ከሆኑ ከራስሽ ቆጣሪ እስከ መኪና ማቆሚያው መስመር መዘርጋት ይቻላል። የሕንፃውን ኮሚቴ በጽሑፍ አስፈቅጂ፤ መኪና ከመጣ በኋላ ሳይሆን አሁን። ኮሚቴው እምቢ ካለ ሁለቱንም አትግዢ፤ በየሳምንቱ ቻርጅ ጣቢያ መሰለፍ የሥራ ሰው አይችለውም።

አሁን ወደ ባትሪው ልምጣ፤ ትልቁ ልዩነት እዚህ ነው። የዩዋን ፕላስ ባትሪ ኤልኤፍፒ የሚባለው የሊቲየም ባትሪ ዓይነት ነው። ዕለት ዕለት እስከ 100 በመቶ ቢሞላ ብዙም አይጎዳም፤ እንዲያውም ቢያንስ በሳምንት አንዴ ጢም ብሎ መሞላት አለበት። የዚህ ባትሪ ቮልቴጅ ከላይ እስከ ታች እምብዛም ስለማይለወጥ፣ ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ከቆየ ኮምፒውተሩ የቀረውን መጠን ይስታል፤ 18 በመቶ አለ እያለ መንገድ ላይ ሊያቆምሽ ይችላል። የአይዲ ፎር ባትሪ ኤንኤምሲ የሚባለው ሌላው የሊቲየም ዓይነት ነው። እሱ በየቀኑ ከ80 በመቶ በላይ መሞላት የለበትም፤ 100 የሚሞላው ረጅም መንገድ ሊወጣ ሲል ብቻ ነው፣ ሞልቶም ፀሐይ ላይ መዋል የለበትም። እንግዲህ አስይው፦ የአይዲ ፎር ትልቁ ባትሪ በሥራ ላይ የሚውለው 77 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ የዚያ 80 በመቶ 62 ገደማ ይሆናል። ዩዋን ፕላስ ሞልቶ 60 ነው። በአዘቦት ቀን ሁለቱ እኩል ናቸው! ለትልቁ ባትሪ የምትከፍዪው ተጨማሪ ብር የሚሠራው በዓመት ለጥቂት ጉዞ ነው።

ሁለቱም መኪኖች ትንሽና ትልቅ ባትሪ ያላቸው ዓይነቶች አሏቸው፤ ከውጭ ብታያቸው አይለዩም። የሻጩን ቃል አትመኚ። የሾፌሩን በር ከፍተሽ ምሰሶው ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ሰሌዳ ፈልጊ፤ እዚያ ከሌለች በተሳፋሪው በኩል እዪ። በቻይንኛ የተጻፈ ነው፤ ጽሑፉን ተዪውና ቁጥሮቹን ብቻ አንብቢ። የባትሪው ቮልትና የአምፔር ሰዓት ተጽፈዋል። ሁለቱን አባዢ። 403.2 ቮልት ሲባዛ በ150 አምፔር ሰዓት 60,480 ይሆናል፤ ትልቁ ዩዋን ፕላስ ይህ ነው። 332.8 ካየሽ ግን ባለ 49.92 ነው፣ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ አለበት። አይዲ ፎርም ላይ እንዲሁ አባዢ፤ ትልቁ ከ80,000 በላይ፣ ትንሹ ከ60,000 በታች ይመጣልሻል። የተመረተበት ወርም እዚያው ሰሌዳ ላይ አለ። ዜሮ ዜሮ ነው የተባለ መኪና ከተመረተ ሁለት ዓመት ካለፈው፣ በየወደቡና በየመሸጫው ሳይሞላ ቆሞ የኖረ ሊሆን ይችላል።

ጎማውን ደግሞ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አይዲ ፎር የፊቱና የኋላው ጎማ አንድ አይደለም፦ ባለ 19 ኢንቹ ፊት 235/55፣ ኋላ 255/50 ነው። ፊትና ኋላ እያቀያየሩ እኩል እንዲያልቁ ማድረግ አይቻልም፤ የኋላው ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቃል፣ ምክንያቱም የሚገፋው እሱ ነው። ዩዋን ፕላስ አራቱም አንድ ናቸው፣ 215/60 ባለ 17 ወይም 215/55 ባለ 18። ሁለቱም ከፋብሪካ ስኮርታ የላቸውም። ለዩዋን ፕላስ አንድ ጎማ ከነቸርኬው ገዝተሽ ሻንጣው ውስጥ ብትጭኚ ለአራቱም ይሆናል። ለአይዲ ፎር የትኛውን ትይዣለሽ? የጎሚስታ ሱቅ በሌለበት መንገድ ከሁለት ልጆች ጋር ስትሆኚ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለአይዲ ፎር የሚገባውን ልስጠው። ሻንጣው 543 ሊትር ነው፣ የዩዋን ፕላስ 440። በጠባብ ቦታ ይዞራል፤ በዋና መንገድ ላይ ረግቶ ይሄዳል። የሚነዳው በኋላ እግሩ ስለሆነ የረጠበ የኮብልስቶን ዳገት ላይ ክብደቱ ወደሚገፋው ጎማ ይሄድለታል፤ ዩዋን ፕላስ እዚያ ቦታ ቤንዚኑን ጫን ካልሽው የፊት ጎማው ይሽከረከራል፣ በቀስታ መርገጥ ያስፈልጋል። (ቤንዚን የሌለው መኪና ላይም ፔዳሉን «ቤንዚን» ማለታችን አልቀረም።) የአይዲ ፎር 12 ቮልት ባትሪ የትም የሚገኝ ተራ ባትሪ ነው፤ የዩዋን ፕላስ ራሱ ሊቲየም ስለሆነ ሲሞት እንደዚያ በቀላሉ አይተካም። የአይዲ ፎር የኋላ ፍሬን ከበሮ ነው ብለው ቢያጣጥሉብሽ አትስሚ፤ ሞተሩ ራሱ ስለሚያቆመው የኋላ ፍሬን ብዙ አይሠራም፣ ከበሮ ደግሞ ከዲስክ ይልቅ ዝገትና ጭቃ ይችላል።

ወደ ዩዋን ፕላስ ያዘነበልኩበት ሌላው ምክንያት ቪቱኤል ነው። መብራት ሲጠፋ ከመኪናው ባትሪ እስከ 3.3 ኪሎዋት ድረስ አውጥተሽ ቤት መጠቀም ትችያለሽ። ፍሪጅ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚበላው፤ ፍሪጅ፣ አምፖልና ቴሌቪዥን ለቀናት ይችላል። ምጣድ ግን አይችልም፣ ምጣድ 3.5 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ ያቋርጠዋል። ገመዱ አብሮ መሰጠቱን ከመክፈልሽ በፊት ጠይቂ። አይዲ ፎር ይህ የለውም።

አሁን የምነግርሽን ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው አንብቢለት። ለ16 አምፔር ባለ 4 ሚሊ ሽቦ ይበቃል፤ ለ32 አምፔር ባለ 6፣ ርቀቱ ከ30 ሜትር ካለፈ ባለ 10። ለ32 አምፔር ባለ 40 ብሬከር፣ ከሱም ጋር በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ የሊኬጅ ብሬከር ይግባ። መኪናው በ32 አምፔር እየሞላ ምጣድ ከተጣደ 48 አምፔር ይሆናል፤ ቆጣሪው ይጥለዋል፣ ወይ ሽቦው ይግላል። ስለዚህ መኪናው እንጀራ ተጋግሮ ካበቃ በኋላ ይሰካ። በጥቅል የተጠመጠመ ኤክስቴንሽን ላይ ፈጽሞ አትሰኪ፤ ጥቅሉ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ከሁሉ በላይ ኧርዙ፣ ማለት ወደ መሬት የሚወርደው መስመር። በብዙ ቤት ኧርዝ የለም፤ ቻርጀሩ ይህን ሲያውቅ ቀይ መብራት አብርቶ አልሞላም ይላል። ያኔ አንዳንድ ሠራተኛ ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን (የመመለሻውን ሽቦ) ከኧርዙ ጋር በአጭር ሽቦ ያገናኝና «ተስተካከለ» ይላል። ቻርጀሩ ይታለላል፣ መኪናውም ይሞላል። ነገር ግን አንድ ቀን ያ ኒውትራል ከላላ ወይም ከተበጠሰ፣ ኤሌክትሪኩ በዚያችው አጭር ሽቦ ወደ መኪናው ቆርቆሮ ይዞራል። ልጅ በእርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን ቢነካ ይገድለዋል። ልጄ፣ ይህን የሚያደርግ ሠራተኛ ካየሽ ሥራውን አስቁሚው። የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ይቀበር፣ በመለኪያም ይለካ።

የሶኬቱን ዓይነት ደግሞ መሸጫው ጋ ሆነሽ እዪ። ለቻይና ገበያ የተሠራው ጂቢ/ቲ ነው፦ ለቤት ሶኬትና ለፈጣኑ ቻርጀር ሁለት የተለያዩ ክብ ቀዳዳዎች አሉት። ለሌላ ገበያ የተሠራው ሲሲኤስ 2 ሁለቱን በአንድ ላይ የያዘ ነው። አንዱ በሌላው አይገባም። ከቢሮሽ አጠገብ ያለው ጣቢያ የትኛውን ገመድ እንደያዘ ሄደሽ አይተሽ ተመለሽ። የስክሪኑ ቋንቋም ወደ እንግሊዝኛ ይቀየር እንደሆነ ሻጩ ፊትሽ ቀይሮ ያሳይሽ። «በኋላ በሶፍትዌር እናስተካክላለን» የሚል ቃል አትቀበዪ፤ ከቻይና ውጭ የፋብሪካው ማሻሻያ እንደ ልብ አይገኝም።

ያገለገለ ከሆነ የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ሳቢው። የጭቃ መስመር ካለበት ጎርፍ የገባበት ነው፤ ተነሺና ሂጂ። የሻንጣውን ምንጣፍ አንሺ፣ አሽቺ። ሊፍት ላይ አስወጥተሽ የባትሪውን ሆድ እዪ፤ ጭረት ችግር የለውም፣ ወደ ውስጥ የገባ ጠባሳ ግን ባትሪው ተመቷል ማለት ነው። ብርቱካንማዎቹ ገመዶች ላይ ፕላስተር የተጠቀለለ ካገኘሽ አትግዢ። ጋራዥ ውስጥ በኮምፒውተር የሴሎቹን ቮልት አስነብቢ። ዩዋን ፕላስ የሚነበበው ሙሉ ሆኖ ነው፤ ግማሽ ላይ የደከመውም ከጤነኛው ጋር እኩል ይመስላል። አይዲ ፎር በየትኛውም ደረጃ ይነበባል፤ በላይኛውና በታችኛው ሴል መካከል ከ30 ሚሊቮልት በላይ ካለ ለምን እንደሆነ ይንገሩሽ።

አሁን እኛ ጋ ስለመምጣት። ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቁልቁለቱም 600 ሜትር ገደማ። ዩዋን ፕላስ ሞልቶ ከያዘው 60.5 ኪሎዋት ሰዓት ውስጥ 44 ይፈልጋል፣ ቁልቁለቱ 3 ይመልስለታል፤ ስትደርሺ 19 ተኩል ይቀራል። ከተራ ሶኬት በ16 አምፔር ስምንት ሰዓት ቢያድር ኪሳራው ተቀንሶ 25 ገደማ ይገባል፤ 44 ተኩል ሆነ። ለመመለስ ግን ዳገቱ ተጨምሮ 47 ያስፈልጋል፤ አዲስ አበባ አፋፍ ላይ ትቀሪያለሽ። አይዲ ፎርን በዚሁ ስሌት ሠራሁት፦ ሲደርስ 29 ተኩል ይቀረዋል፣ አድሮ 54 ተኩል ይሆናል፣ የሚፈልገው 55። እሱም አይደርስም! ያን ሁሉ ብር ጨምረሽ ሌሊቱን በዚያው ሶኬት ካሳደርሽው ልዩነት የለውም። በ32 አምፔር መስመር ግን ሁለቱም ሲነጋ ከበቂ በላይ ይዘው ያድራሉ።

ስለዚህ እዚህ ግቢ ባለ 6 ሚሊ መስመር ከነኧርዙ እስከ ጋራዡ ግድግዳ ድረስ አስዘረጋለሁ። የምሰቅለው ቻርጀር ከመኪናሽ ጋር መግጠም አለበትና፣ ቀብድ ከመስጠትሽ በፊት የሁለቱን ነገር ፎቶ ላኪልኝ፦ የበሩን ሰሌዳና የመሙያውን ቀዳዳ።

አባትሽ