የፑል ስቲክ የሚገዛ ሰው ከጌጡ በፊት ጫፉን ይመልከት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የስፖርት ገጻችሁ ከእግር ኳስና ከአትሌቲክስ አልፎ ፑልን ብዙም አያነሳም። በየሰፈሩ ግን ማታ ማታ ወጣቱ የሚሰበሰበው ፑል ቤት ነው፤ የራሱን ስቲክ በቦርሳ አንግቶ የሚመጣውም ጥቂት አይደለም። የሚያሳዝነው ብዙው ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው መያዣው ላይ ለተሳለው ነበልባልና ዘንዶ መሆኑ ነው። ያ ጌጥ በርካሹ ስቲክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከቫርኒሹ ሥር የተለጠፈ ስቲከር ነው። ሥራውን የሚሠሩት ቀጭኑ የፊት ግማሽና ጫፉ ላይ ያለችው ቆዳ ናቸው።

ዋጋ በብር አልጠቅስም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ደብዳቤው እስኪታተም ሊያረጅ ይችላል።

መጀመሪያ የሚጫወቱበት ቤት ኳስ ይታይ። መደበኛው የፑል ኳስ ስፋቱ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ ከ156 እስከ 170 ግራም ነው፤ ለዚህ የሚስማማው የስቲክ ጫፍ ከ12.5 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ነው። ገበያ ላይ ጎን ለጎን የሚቆመው የስኑከር ስቲክ ጫፉ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ሲሆን የተሠራው ስኑከር ለሚባለው ሌላ የጠረጴዛ ጨዋታ አነስ ላለ ኳስ ነው። ሲያዩት ያምራል፣ ሲይዙት ቀለል ይላል፤ ከባዱን ኳስ ከመሃል ትንሽ ወጣ አድርገው ሲመቱ ግን ይንሸራተታል፣ ቆዳዋም ቶሎ ትጠፈጠፋለች። ገዢው ማስመሪያ በኪሱ ይዞ ቢሄድ አያፍርም።

ቀጥተኛነቱን ለመፈተን ሁለቱን ግማሾች ለያይቶ እያንዳንዱን በመደብሩ የመስታወት ባንኮኒ ላይ ቀስ ብሎ ማንከባለል ነው። በፑል ጠረጴዛ ላይ አንከባሎ መፍረድ ያሳስታል፤ ጨርቁ ጉድለቱን ይውጠዋል፣ ጠረጴዛው ራሱም ሁልጊዜ ውሃ ልኩን የጠበቀ አይደለም። ጎንበስ ብሎ በመስታወቱና በእንጨቱ መሃል ያለውን ብርሃን ማየት ነው። ስቲክ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ክፍተት መኖሩ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ሲንከባለል ክፍተቱ አንዴ ሰፋ አንዴ ጠበብ ካለ ግን ጎብጧል ማለት ነው። ከዚያ ገጥሞ መድገም። ለየብቻ ቀጥ ያሉት ሲገጠሙ ከተወላገዱ ጥፋቱ መገጣጠሚያው ላይ ነው፦ ብሎኑ መሃሉን ስቷል ወይም ገጹ እኩል አልተቆረጠም። ይህን ቤት ወስዶ ማቃናት አይቻልም። ሻጩ “ሲለመድ ይስተካከላል” ካለ ወደ ሌላ ሱቅ ማለፍ ነው።

የፊቱ ግማሽ ሜፕል ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ቢሆን ይመረጣል። ርካሾቹ ብዙ ጊዜ ራሚን ከሚባል የሩቅ ምሥራቅ እንጨት ይሠራሉ፤ እሱ ለመጉበጥ የቀረበ ነው። እንጨቱ ምንም ይሁን ምን ጅማቱን፣ ማለትም እንጨቱ ላይ የሚታየውን መስመር፣ በዓይን መከተል ያዋጣል። ከመገጣጠሚያው እስከ ጫፉ ቀጥ ብሎ ከሄደ ጥሩ፤ መንገድ ላይ ወደ ጎን ታጥፎ ከወጣ ዛሬ ቀጥ ቢልም ክረምት ሲገባ ያስታውቃል። ይህ ክፍል በወፍራም ቀለም ከተሸፈነ ደግሞ ጅማቱን ማየት ስለማይቻል ባልገዛው እመርጣለሁ።

ክብደት ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም፤ ከ540 እስከ 570 ግራም፣ ማለትም 19 ወይም 20 አውንስ፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ስቲኩን መሃሉ ላይ ላላ አድርጎ ይዞ መያዣውን በመዳፍ መታ መታ ሲያደርጉት ከነዘረ ወይም ከተንኳኳ በውስጡ ያለው የክብደት ብሎን አለያም መገጣጠሚያው ላልቷል። የመገጣጠሚያው ብሎን ጥርስም ይጠየቅ (የፊተኛው ቁጥር የብሎኑ ውፍረት በኢንች፣ የኋለኛው በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉት ጥርሶች ብዛት ነው)፦ 5/16 በ18፣ 5/16 በ14 ወይም 3/8 በ10 የተለመዱ ናቸው። ከነዚህ አንዱ ከሆነ ወደፊት የፊቱን ግማሽ ብቻ በተሻለ መቀየር ይቻላል።

አሁን ወደ ቆዳዋ። ቆዳዋ እንደ ብሎን የምትጠመዘዝ ከሆነ ስቲኩ መጫወቻ ነው፤ እየላላች ታስቸግራለች። በሙጫ የተለጠፈች መሆን አለባት። ከፋብሪካ የምትመጣው ግን በርካሽ ስቲክ ላይ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል መጥፎ ስለሆነች ወዲያው መቀየር ያዋጣል። በዝቅተኛ ዋጋ ከሚገኙት የቆዳ ዓይነቶች “ኤልክ ማስተር” የተባለው ለስላሳ ነው፣ “ለ ፕሮ” የተባለው ጠንከር ይላል፤ እንደ ካሙይ ያለው ተደራራቢ ቆዳ ቅርጹን ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚመጣለት ሰው ስቲክ ከሚያስመጣ አምስት ስድስት ቆዳ ቢያስመጣ ይሻለዋል፤ ስቲክ ወደ አውሮፕላኑ የመንገደኞች ክፍል ይዞ መግባት እዚያ አይፈቀድም፣ ቆዳ ግን ኪስ ውስጥ ይገባል።

ሲቀየር አሮጌው በምላጭ ይነሳል፣ ከሥሩ ያለው ነጭ ቀለበት ሙጫው ጠርቶ ጠፍጣፋ ይሆናል። የአዲሱ ቆዳ ሥር ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል። አንድ ጠብታ ወፈር ያለ ሱፐር ግሉ፣ አንድ ደቂቃ መጫን፣ ከዚያ ማሳደር። ሙጫ ሲበዛ ቆዳው ውስጥ ሰርጎ ድንጋይ ያደርገዋል፤ ገጹ ጠፍጣፋ ካልሆነ ደግሞ በመጀመሪያው ኃይለኛ ምት ቆዳው ተፈናጥሮ ይሄዳል። በነጋታው ከቀለበቱ የተረፈው ጠርዝ ይቆረጣል፣ አናቱ እንደ 25 ሳንቲም ጠርዝ ክብ ይደረጋል። ቀለበቱንና እንጨቱን ብርጭቆ ወረቀት አይንካው፤ በየሳምንቱ የሚፋቅ ስቲክ ጫፉ ቀጥኖ ከ13 ወደ 12 ሲወርድ ባለቤቱ እጁን ይጠረጥራል። ቆሻሻው በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ተጠርጎ ወዲያው ይደርቅ። ፓውደር እጅ ላይ መነስነስም ይቅር፤ ከላብ ጋር ተላቁጦ ስቲኩንም የጠረጴዛውንም ጨርቅ ያበላሻል።

“ካርቦን” እየተባለ በርካሽ የሚቀርበውን በተመለከተ፦ እንደ ፕሬደተር ሬቮ ያለው እውነተኛው የካርቦን የፊት ግማሽ ብቻውን አሜሪካ ውስጥ በመቶዎች ዶላር ይሸጣል። በዚያ ስም ሙሉ አዲስ ስቲክ በጥቂት ሺህ ብር ከመጣ የተመሳሰለ ነው። በፋይበር ግላስ የተሸፈነው ርካሽ ስቲክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ምቱ ደንዘዝ ቢልም በቀላሉ ስለማይጎብጥ ለፑል ቤት ባለቤቶች እመክረዋለሁ።

ማስቀመጫው መኪና ውስጥ አይሁን፤ ግድግዳም ላይ ዘንበል ብሎ አይደር፣ በራሱ ክብደት ይጎብጣል። ቦርሳው ውስጥ ተለያይቶ ይተኛ። የፑል ቤት ባለቤቶችም በየስቲኩ ጫፍ ላይ ያለውን ቆዳ በየጊዜው ቢቀይሩልን፣ ቆዳው ሲያልቅ የሚገለጠው ብረትና ቀለበት ጨርቅ እየቀደደ ስለሆነ፣ ከጠረጴዛ ጨርቅ ዋጋ ብዙ ይተርፋቸዋል።

የጋዜጣችሁ አንባቢ
ከአዲስ አበባ