ጥቁሯን አሉኝ፣ ጥቁሯን ሰጠኋቸው

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁንም እዚሁ የምኖር አንባቢያችሁ ነኝ። ጥምቀት ስለደረሰ ነው ቶሎ ብዬ የምጽፍላችሁ። ሰሞኑን በአውቶቡስም በአውሮፕላንም የሚመጣ እንግዳ አለ፣ በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ይኸው ሰው ጓዙን ይዞ ይመለሳል። የመንገዱ ደህንነት የሁላችንም ጭንቀት ነው፣ ስለሱ ብዙ ሰው ይጽፋል። እኔ የማነሳው የሻንጣ ነገር ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል። በእኛ ቤት ግን ትንሽ አልነበረም።

የዛሬ አራት ዓመት ታናሽ ወንድሜ እዚሁ ተመርቆ ለሥራ ፈተና ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ከሌሊቱ አስር ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ አደረስኩት። ረዳቱ ፖርቶመጋላው ላይ ቆሞ ይቀበላል፣ ተሸካሚዎቹ ከታች ያቀብላሉ፣ ጨለማ ነው፣ ሁሉም በሞባይል መብራት ይራወጣል። የወንድሜ ሻንጣ ጥቁር ባለ ጎማ ነበረች፣ ገበያው ላይ በየሱቁ የምትሰቀለዋ ዓይነት። እዚያ ፖርቶመጋላ ላይ እሷን የሚመስሉ አራት አምስት ሻንጣዎች ተደርድረዋል። እናታችን በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ሞልታለት ነበር። ከልብሱ ሥር ደግሞ በፕላስቲክ ፋይል ውስጥ ኦርጅናል ዲግሪው፣ ትራንስክሪፕቱና ሲቪው ተቀምጠዋል። «ወረቀቱን እንኳ እጅህ ላይ ያዘው» አላልኩትም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ማታ ስልኬ ጮኸ። «እታለሜ፣ ሻንጣዬ የለም» አለኝ። ሰው ሁሉ ዕቃውን አውርዶ ሄዷል፣ የቀረችው አንዲት ጥቁር ሻንጣ ናት፣ የሱን ትመስላለች፣ የሱ ግን አይደለችም። ረዳቱን ጠየቀው። ረዳቱ ሰው አልተቆጣም፣ አላጭበረበረም፣ እውነቱን ነው የነገረው። «ፍኖተ ሰላም ላይ አንዲት እናት ወርደዋል። ጥቁሯን አሉኝ፣ ጥቁሯን ሰጠኋቸው» አለው። የተረፈችውንም ሻንጣ «ባለቤቷ ትመጣለች» ብሎ አስቀመጣት።

ፈተናው በሦስተኛው ቀን ነበር። ኦርጅናል ያላመጣ አይገባም ተባለ፣ ወንድሜ በር ላይ ቆሞ ተመለሰ።

በዘጠነኛው ቀን እኚያ እናት ደወሉ። ሻንጣውን ከፍተው የወንድ ልብስና ወረቀት ሲያዩ ደንግጠዋል። ማንበብ አይችሉም። አውቶቡሱ ተመልሶ ያልፋል ብለው መንገድ ዳር ወጥተው ሲጠብቁ ሰንብተው፣ በመጨረሻ አንድ የጎረቤት ተማሪ ሲቪው ላይ ያለውን ስልክ አነበበላቸው። «ልጄ፣ የሰው አደራ እጄ ገብቶ እንቅልፍ አጣሁ» ነው ያሉን። የኛ ሻንጣ ተመለሰች፣ በርበሬው እንኳ አልተነካም። የሳቸው ግን አልተገኘችም። ልጃቸው ወልዳ አራስ ሊጠይቁ ነበር የሚሄዱት፣ ቅቤና የገንፎ እህል ይዘው፣ በእጃቸው ፈትለው ያሠሩት ጋቢም ነበረበት። ተመልሰን ስንጠይቅ አዲስ አበባ የቀረችውን ሻንጣ አየሁ የሚል ጠፋ። እስከ ዛሬም የለችም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ዕቃ ሲጠፋ ሁላችንም «ሌባ!» ነው የምንለው። ሌባማ አለ። መናኸሪያ ውስጥ እየተጋፋ ኪስ የሚዳብስ አለ፣ «ልያዝልሽ» ብሎ ቦርሳ ይዞ ሰው መሀል የሚሰወር አለ። ይኼኛው ጥፋት ግን ሌባ አላስፈለገውም፣ ጨለማና ጥድፊያ በቁት። እኚያ እናት ለሰው ንብረት ሲጨነቁ የራሳቸውን አጥተው ቀሩ፣ የካሳቸው አንድም ሰው የለም።

የአውሮፕላኑን እዩ። ከአዘዞ ስትሳፈሩ ሻንጣችሁ እጀታ ላይ አስር አሃዝ ያለው ወረቀት ይታሰራል፣ የዚያው ቁጥር ቁራጭ ለእናንተ ይሰጣል። ሻንጣ ተቀያይሮ ቢሄድ እንኳ በዚያ ቁጥር ይፈለጋል። ወረቀትና ሙጫ ነው እንግዲህ። ታዲያ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዝ አውቶቡስ፣ አባይ በረሃን ወርዶ የሚወጣ፣ በየከተማው ሰው የሚያወርድና የሚጭን አውቶቡስ ይኼን ማድረግ ምን ይሳነዋል? ኮምፒውተር አልጠየቅንም። መሀሉ ላይ የሚቀደድ ቁጥር ያለው ወረቀት ይበቃል፣ ግማሹ ሻንጣው ላይ በሲባጎ ይታሰር፣ ግማሹ መንገደኛው እጅ ይሁን። መንገደኛዋ «ጥቁሯን» ሲሉ ረዳቱ «ቁጥርዎን ያሳዩኝ እማማ» ይበል። ማንበብ ለማይችልም ሰው ይሠራል፣ ወረቀቷን ማሳየት ብቻ ነው። ሻንጣ ከሆዳቸው ሥር የሚጭኑ አንዳንድ አውቶቡሶች እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ፣ እግዜር ይስጣቸው። ባለ ፖርቶመጋላዎቹ ግን ዛሬም በዓይን ግምት ነው የሚያወርዱት።

«ለጠፋ ዕቃ ኃላፊነት አንወስድም» የሚለው ማስታወቂያም በጣም ያናድደኛል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን ስለ አጓጓዦች ኃላፊነት የሚናገር ክፍል አለው፣ አንድ የተለጠፈ ወረቀት ሕግን አይሽርም። ግን የትኛውን ሻንጣ እንዳስረከብሽ የሚያሳይ ደረሰኝ ከሌለሽ ምን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ? ቁጥሩ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

እኛ መንገደኞችም ብንሆን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ የለብንም። ከዚህ ነጭ ሽንኩርትና በርበሬ የሚልኩ ነጋዴዎችን አስተውሉ፣ የማዳበሪያውን አፍ በሲባጎ ጥርቅም አድርገው ይሰፉታል፣ በማርከር ስምና ስልክ በትልቁ ይጽፉበታል። እኛ ሻንጣ ላይ መጻፍ እናፍራለን። እናቴ አሁን ከቤት ለሚወጣ ሰው ሁሉ ከአሮጌ ቀሚሷ የጥለት ጠርዝ ቀድዳ እጀታው ላይ ሁለት ጊዜ ትቋጥራለች። ቀይና አረንጓዴ ጥለት፣ ከሩቅ ይታያል፣ ማንም «የኔ ናት» ብሎ አይሳሳትም። እኔ ደግሞ ስምና ሁለት ስልክ ቁጥር ጽፌ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም አስገባለሁ፣ የውጪው ቢቀደድ የውስጡ ይተርፋል። የወንድሜን ሻንጣ የመለሰው ስልክ ቁጥር አይደል? ከመጫኑ በፊት ሻንጣውንና የአውቶቡሱን ታርጋ በስልክ ፎቶ አነሳለሁ። አውቶቡሱ ሰው ለማውረድ በቆመ ቁጥር ብድግ ብዬ ምን እንደወረደ አያለሁ፣ አንዳንዱ ሰው ይገላምጠኛል፣ ይገላምጠኝ። ዲግሪ፣ መታወቂያ፣ መድኃኒትና ገንዘብ ግን ፖርቶመጋላ ላይ አይወጣም፣ ጭን ላይ ነው። ምሳ ለመብላት ስትወርዱም ይዛችሁት ውረዱ፣ «መኪናው ይቆለፋል» ስለተባለ ብቻ ወንበር ላይ አትተዉት።

ከውጭ አገር ለጥምቀት ለሚመጡ ዘመዶቻችንም አንድ ነገር ልበል። የድሮ ጉዞ ወረቀት ሻንጣው ላይ ተለጥፎ ከቀረ ገንጥላችሁ ጣሉት፣ ሻንጣን ወደማይሆን ቦታ ከሚልኩት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። አዲሱ ወረቀት ላይ ጂ.ዲ.ኪው የሚል የጎንደር ምልክት መኖሩን እዚያው ቆጣሪው ላይ አረጋግጡ። ሻንጣ ካልመጣ ወይም ተሰባብሮ ከመጣ ከአየር ማረፊያው ሳትወጡ አስመዝግቡ፣ የተሰጣችሁንም ወረቀት አትጣሉ። ኢትዮጵያም አባል የሆነችበት በ1999 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት በዓለም አቀፍ በረራ ለተጎዳ ሻንጣ በ7 ቀን ውስጥ፣ ለዘገየ ደግሞ ሻንጣው እጃችሁ ከገባ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ አቤት በሉ ይላል። ብዙ ሰው «በዓሉ ይለፍና» ብሎ 7ቱን ቀን እዚህ ጎንደር ይጨርሰዋል። ወደ እኛ የምትመጣው ባለ ፕሮፔለሯ አውሮፕላን ከሆነች የእጅ ቦርሳችሁም ደረጃው ሥር ሊወሰድ ይችላል፣ ቦታዋ ጠባብ ነው። ከመስጠታችሁ በፊት መድኃኒቱንና ሰነዱን አውጡ፣ ፓወር ባንክም አብራችሁ አውጡ፣ እሱ ከታች እንዲጫን አይፈቀድም።

የበዓሉ ግርግርም አለ። ጥር 10 ከተራ ነው፣ በማግስቱ ጠዋት ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕሩ ተባርኮ ሲያልቅ ወጣቶቹ ውሃው ውስጥ ይዘላሉ፣ ልብሳቸውና ስልካቸው ዳር ላይ ክምር ብሎ ይቀራል። በዓሉ በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበ ነው፣ የዓለም ሰው የሚያየው ነው፣ እዚያ ዳር ላይ ስልኩ ጠፍቶ የሚያለቅስ ልጅ ማየት ልብ ይሰብራል። አንዳችሁ አትዝለሉ፣ ተራ ገብታችሁ ጠብቁ። ስልካችሁን ከመያዛችሁ በፊት *#06# ደውላችሁ የሚመጣውን ቁጥር ቤት ጽፋችሁ ተዉ፣ ቢጠፋ ስልኩ የእናንተ መሆኑን የምታሳዩበት ነው።

የአውቶቡስ ማኅበራትና የመናኸሪያው ኃላፊዎች ይኼን ጋዜጣ እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ለዘንድሮው ተመላሽ መንገደኛ ይድረስ፣ ቁጥሩን አሳትሙልን፣ ሌሊት ሻንጣ የሚጫንበት ቦታ ላይም አንድ መብራት ስቀሉልን። ወጪው ከከበዳችሁ ትኬቱ ላይ አምስት ብር ጨምሩብን፣ እንከፍላለን።

አንባቢያችሁ፣
ከጎንደር