የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ 600 ችግኝና «እሺ» ያልናቸው ጉዳዮች

የትምህርት ቤታችን ክበብ የ2017 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው መስከረም መጨረሻ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር በማጽደቅ ነው፦ «እስከ ሰኔ ማብቂያ 600 የቡና ችግኝ አፍልተን ለአባላትና ለጎረቤት ቤተሰቦች እናስረክባለን።» ቁጥርና ማብቂያ የገባበት ሆን ተብሎ ነው። «አካባቢን እንንከባከባለን» ብቻ ብንል ኖሮ፣ ማንም ይዞት የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ ከዓላማችን ጋር የሚሄድ ይመስል ነበር።

የመረጥነው ዝርያ 74110 ነው። የፊተኞቹ ሁለት አኃዞች እ.ኤ.አ. 1974ን ያመለክታሉ፤ የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ከታየ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በሽታውን ከተቋቋሙ እናት ዛፎች የተመረጠበት ዓመት ነው። ኅዳር ላይ የተለቀመው ቀይ እሸት በእጅ ተፈልፍሎ ውሃ ውስጥ ገባ፤ የተንሳፈፈው ተጣለ፣ የዘቀጠው ጥላ ሥር ደርቆ ታኅሣሥ ላይ ተዘራ። አፈሩ ሦስት እጅ የጫካ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ነው። ፍሬው ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ታች ሆኖ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀበራል፤ ከላይ ሣር ይጎዘጎዛል። ለመብቀል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጅበታል። ብቅ ሲል ጉዝጓዙን ወዲያው ማንሳት ያስፈልጋል፤ ከዘገየ ቡቃያው ይጣመማል።

ከተዘራ ጀምሮ ያለው ዋና ሥራ ውሃ ማጠጣት ነው፤ የገና በዓልም ፈተናም አያስቆመውም። በሳምንት ሦስት ቀን አራት ተረኞች 40 ደቂቃ ይሠራሉ፤ የሁሉም ሲደመር በሳምንት 8 ሰዓት ይሆናል።

ይህቺ 8 ሰዓት መለኪያችን ሆነች። ለወላጆች ቀን የ20 ደቂቃ ትርዒት ስንጠየቅ፣ ጥያቄው ትንሽ ይመስል ነበር። ግን 12 ተማሪ ለአራት ቀን በየቀኑ አንድ ሰዓት ተኩል ሲለማመድ 72 ሰዓት ነው፤ የዘጠኝ ሳምንት ውሃ ማለት ነው። ጥያቄው መልካም ነበር፤ የሚስማማው ግን ለድራማ ክበብ ነው፤ ወደዚያው መራነው።

ስህተቱ የተፈጠረው የካቲት ላይ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የአዌቱን ወንዝ ዳር የማጽዳት ዘመቻና አንድ ኤግዚቢሽን ተደራረቡ። አንዱን የክበቡ ተጠሪ፣ ሌላውን ምክትሏ በዚያው በተጠየቁበት ቀን ተቀብለው ነበር፤ የተራ ሰሌዳውን ያየ ሰው አልነበረም። በበጋው ሐሩር ለአራት ቀን ውሃ ሳይጠጡ ቀርተው 140 ችግኞች ደረቁ። ሁለቱንም ያስቀበላቸው ይሉኝታ ነው፤ ጠያቂዎቹ ትልልቅ ሰዎች ስለነበሩ እንቢ ማለት ነውር መሰላቸው። እኔ እንደማምነው ደግሞ ከእንቢታ ይልቅ የሚያስቀይመው ተቀብሎ አለመገኘት ነው።

ከመጋቢት ጀምሮ ማንኛውም ጥያቄ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፦ ማን ጠየቀ፣ ስንት ሰው ይፈልጋል፣ ዝግጅትና መንገድ ተደምሮ ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ መቼ ያበቃል። ማብቂያ ያልተጻፈለት አይታይም። መልስ ከሦስት ቀን በፊት አይሰጥም፤ በእነዚያ ቀናት አባላት አንድ ጥያቄ ይመልሳሉ፦ «ማንም ባያየን፣ ማንም ባያመሰግነን እንሠራው ነበር?» እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ዝምታ ይሆናል፤ ዝምታውም መልስ ነው። ሦስቱ ቀን ሲያበቃ የእንቢታው ቃል ሳይዘገይ በአክብሮት ይነገራል፦ «ጥያቄዎን አክብረን ተወያይተንበታል። በዚህ ሴሚስተር የያዝነውን ስለማያስጨርሰን ልንቀበለው አልቻልንም።» ምክንያት መደርደር አያስፈልግም፤ ምክንያት ሲበዛ ድርድር ይከፍታል።

ሦስት ክበብ ውስጥ የተመዘገቡ አባላትም ነበሩን። አንዱን ዋና፣ ሌላውን አጋዥ አድርገው ሦስተኛውን እንዲተዉ መከርናቸው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተወችው የእኛን ክበብ ነው፤ ዝንባሌዋ ሒሳብ ስለሆነ ትክክል መርጣለች ብለን ሸኝተናታል።

የደረቁትን 140 ለመተካት ዘግይቶ የተዘራው ገና ትንሽ ነው፤ ለቀጣዩ ዓመት ይቆያል። የቀሩት 460 ችግኞች አራትና ከዚያ በላይ ጥንድ ቅጠል አውጥተዋል። ጥላቸው በየሳምንቱ እየሳሳ ፀሐይ ለምደዋል፤ ሰኔ ማብቂያ ላይ ዝናቡ አፈሩን በደንብ ሲያርስ እናስረክባቸዋለን። ጉድጓድ ቀድሞ ላልቆፈረ ቤተሰብ አይሰጥም።