ማሳ ላይ ስላረፈችው አውሮፕላን

የተከበራችሁ የሱሉልታ ሰፈራችን እድርተኞች፣

እሑድ ጠዋት 3፡00 ሰዓት በእድሩ አዳራሽ እንሰብሰብ። ገብሳቸው ለተረገጠባቸው ጎረቤታችን ካሳው እንዴት እንደሚጠየቅ እንወስናለን። አብዛኛውን ያወደመው የአውሮፕላኗ ጎማ ሳይሆን የተመልካች እግር ነው፤ ይህ ያሳዝናል።

አብራሪው ሞተሩ ሳይጠፋ ለጥንቃቄ ያረፈ ነው፤ የፊት ጎማው ቦይ ውስጥ ገብቶ ተሰበረ እንጂ፣ ተመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። አየሩ በሳሳበት በዚህ ከፍታ ማረፊያው ፍጥነት ይጨምራል፣ ለመቆምም ረጅም ሜዳ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ አንፍረድበት።

ስብርባሪውን ማንም አይንካ። ቀድሞ ያነሳ ካለ ግን ብሎንም ብትሆን ይዞ ይምጣ፣ ከየት እንዳነሳም ይንገረን፤ ለመርማሪዎች እናስረክባለን። ቪዲዮ የቀረጻችሁ አታጥፉት። ነዳጁ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ልጆችን አርቁ፣ እሳትም አይለኮስ።

መምጣታችሁን እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ አሳውቁን።