አፏን ከፍታ የምትተነፍስ ድመት እስኪነጋ አትጠብቅም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ኮልፌ ውስጥ ባልትና እየሸጥኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ሽሮ፣ በሶና ምስር በሚቀመጥበት ቤት ድመት ለጌጥ አትቀመጥም። አይጥ የገባበት ጆንያ አይሸጥም፤ ሚሚ ደግሞ ስንት ጆንያ አትርፋልኛለች። ይህን የምጽፈው ከተማችን ውስጥ ከመሸ በኋላ የታመመች ድመት የሚያይ ሐኪም ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ የሚመለከታቸው እንዲሰሙት ብዬ ነው።

ሚሚ የታመመችው መውለጃዋ ሲቃረብ ነው። ድመት የምታረግዘው ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ስለሆነ ገና ቀናት ይቀሯት ነበር። ማታ ሱቅ ዘግቼ ስገባ መደርደሪያው ሥር ኩርምት ብላ፣ የፊት እግሮቿን ከጎኗ አርቃ፣ አንገቷን አስግጋ በአፏ ትተነፍሳለች። ጋደም ትልና ወዲያው ትነሳለች። ድዷ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ሁሉም «ምጥ ጀምሯት ነው፣ ተያት» አለኝ። አንዷ ለእኔ አዝና ፓራሲታሞል ይዛ መጣች። የሰው መድኃኒት ለድመት እንደማይሰጥ ስለማውቅ አመስግኜ መለስኩላት። ኋላ ሐኪሙ እንደነገረኝ የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን ማስወገድ አይችልም፤ አንድ ፍሬ እንኳ ደሟ ኦክስጅን እንዳይሸከም አድርጎ ሊገድላት ይችላል።

ክሊኒኮች ጋ ደወልኩ። አንዱ አያነሳም። ሌላው አንስቶ «እርጉዝ ከሆነች ትንፋሽ ማጠሩ ያለ ነው፣ ጠዋት ያምጧት» አለኝ። ስለ ድዷ ቀለም አልጠየቀኝም። የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ሰው ደግሞ ሳያያት ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ልውጋት አለ። ይህ መድኃኒት በማህፀን ያሉ ግልገሎችን ጥርስና አጥንት እንደሚጎዳ የሚያውቅ አልመሰለኝም። እያወቀ ብሎት ከሆነ የባሰ ነው።

በመጨረሻ አንዲት ደንበኛዬ የአንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ስልክ ሰጠችኝ። እሱ መጀመሪያ ያደረገው መጠየቅ ነበር። «እናቴ፣ ጎኗን እያዩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደምትተነፍስ ይቁጠሩልኝ» አለኝ። ያረፈች ድመት በደቂቃ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ያህል ትተነፍሳለች፤ ተኝታ እያለች ከ40 ካለፈ ሐኪም ያስፈልጋታል። ውሻ ሲሞቀው ያለከልካል፣ ድመት ግን እንዲህ ዓይነት ልማድ የላትም። በምጥ ሰዓት ለጥቂት ጊዜ ልታለከልክ ትችላለች፤ ነገር ግን ማማጥ ሳይኖር፣ ድዷ ነጥቶ፣ መተኛት ካቃታት ምጥ ነው ብሎ መቀመጥ አይቻልም። «አይታቀፏት፣ በጨርቅ አይጠቅልሏት፣ ውኃም በግድ አይስጧት፤ አየር በሚያስገባ ካርቶን አድርገው ቶሎ ይምጡ» አለኝ።

ክሊኒኩ ስደርስ መርፌም ራጅም አላስቀደመም። ኦክስጅን ከፍቶላት እስክትረጋጋ ጠበቀ፤ ትንፋሽ ያጠራት ድመት ስትያዝ ከታገለች እዚያው ልትሞት ትችላለች። ቀጥሎ በአልትራሳውንድ አያት። ሳንባዋ ዙሪያ ደም ተጠራቅሞ ነበር። «አካባቢያችሁ የአይጥ መርዝ አለ?» አለኝ። ከእኛ አጠገብ ያለው መጋዘን መርዝ ካስቀመጠ ቀናት አልፈው ነበር። ይህ ዓይነቱ መርዝ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ መርዝ የበላውን አይጥ የበላች ድመትም በዚያው ቀን አትታመምም፣ ከቀናት በኋላ ነው ውስጧ የሚደማው። እርግዝናውም የራሱን ጨምሯል፤ ሆዷ ከታች ሳንባዋን ስለሚገፋ ሌላ ድመት የምትችለውን ደም እሷ አልቻለችውም። ከደረቷ ደሙን በመርፌ ቀነሰላት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ቫይታሚን ኬ ወጋት፣ ለሳምንታት የምትውጠውንም ኪኒን ሰጠኝ። ሚሚ ድናለች። ከግልገሎቿ አንዳንዶቹ ሞተው ተወለዱ፤ ሁለቱ ግን እየጠቡ ነው።

«ጠዋት ያምጧት» ያለኝን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ አይነጋላትም ነበር። የተማረ ሰው አጥተን አይደለም። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፣ ጎንደርም ያስተምራል፤ ከዚያ የወጡ ሐኪሞች በመካከላችን አሉ። ለከብት ቅድሚያ መሰጠቱም አይከፋኝም፤ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ በሬ የሞተበት ቤት ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ግን ከተማ ውስጥ ያለ ክሊኒክ ደጁ ላይ ድመትና ውሻ ሥሎ ሲያበቃ በ11 ሰዓት ዘግቶ ከሄደ፣ ማታ ለታመመው ማን አለው?

የሰው ሆስፒታል ተረኛ ሐኪም አለው። የከተማው የእንስሳት ክሊኒኮችም ተነጋግረው ሌሊቱን በፈረቃ ቢይዙ፣ ተረኛው ጋ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ቢኖር፣ የተዘጋው ክሊኒክ በር ላይም የተረኛው ስልክ ቢለጠፍ ብዙ ነገር ይቃለላል። የሌሊት ዋጋ ቢጨምርም እንከፍላለን፤ እኔ ከፍያለሁ፣ አልቆጨኝም። ስልክ የሚያነሳው ሠራተኛ ደግሞ «እርጉዝ ናት» ሲባል ከመዝጋቱ በፊት ትንፋሿን፣ ድዷንና መርዝ መኖሩን ይጠይቅ።

መርዝ የምታስቀምጡ ነጋዴዎችም እባካችሁ ለጎረቤት ንገሩ፤ የሞተውንም አይጥ አንስታችሁ ቅበሩ።

ክሊኒኮቹ ተራውን ካወጡ ጋዜጣችሁ ስልኮቹን በየሳምንቱ እንዲያትምልን እጠይቃለሁ።

የባልትና ነጋዴ፣ ከኮልፌ፣ አዲስ አበባ