ይድረስ ለውድ እህቴ፤ ከቻታሁቺ ወንዝ ዳር፣ ከኮለምበስ ከተማ፣ ጆርጂያ

ውድ እህቴ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ሚጡስ እንዴት ናት? እኔና ልጄ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን።

የእናትሽን ዕረፍት የሰማሁት በሰው በሰው ነበር። ቁጥርሽን አውጥቼ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝና ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ለቅሶው አለፈ፤ ከዚያ አርባው፣ ከዚያም ሙት ዓመቱ። እማማ እኔንም እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ፤ አለመድረሴ እስካሁን ያንገበግበኛል። ይቅር በዪኝ። የቀረውን ስንገናኝ አልቅሰን እንወጣዋለን፤ አሁን ግን ቀን የተቆረጠለት ጉዳይ ስላለኝ ወደዚያው ልግባ።

ከእኔ ጋር በአንድ ግድግዳ የምትዋሰነው ጎረቤቴ የወታደር ሚስት ናት። ባሏ እዚህ ካለው የጦር ሰፈር፣ ከፎርት ቤኒንግ፣ እንዲዛወር ትእዛዝ ስለ ደረሰው በጁን ወር ይለቃሉ፤ ወታደር እንዲህ ያለ ትእዛዝ ሲደርሰው የኪራይ ውሉ ሳያልቅ ቢወጣም እንዳይቀጣ የፌዴራሉ ሕግ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ባለ ሁለት መኝታው ቤት ባዶ ሊሆን ነው። አከራያችን በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ባለፈው እሑድ ከበረንዳው ደረጃ ላይ ተቀምጠው፣ የምታምኚው ሰው ካለ ማስታወቂያ አላወጣም፣ እስከ ወሩ 25 እጠብቅሻለሁ አሉኝ። ኪራዩ 950 ዶላር ነው። የማምነው ሰው ሲሉኝ ከአንቺ በቀር ማንም አልመጣልኝም።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አብረን የኖርንበትን ያንን ቤዝመንት አስቢው። ቡና በቆላን ቁጥር የጭስ ማስጠንቀቂያው ሲጮህ፣ አንቺ ወንበር ላይ ወጥተሽ በነጠላሽ ስታራግቢ፣ ባለቤቱ ከላይ ወለሉን ሲደበድብብን! ያ ሁሉ ሆኖ የመጀመሪያውን እፍኝ አንቺ አሳርረሽው እኔን ትወቅሺኝ ነበር። አሁን የምቆላው በረንዳ ላይ ነው። የበረንዳው ጣሪያ ከሥሩ ፈዛዛ ሰማያዊ ተቀብቷል። በዚህ በደቡብ መንፈስ ወደ ቤት እንዳይገባ እያሉ ከጥንት ጀምሮ የሚቀቡት ቀለም ነው፤ አከራያችን ግን ተርብ ቤቱን እንዳይሠራበት ነው ይላሉ። ጭሱ ወደዚያ ሰማያዊ ጣሪያ ወጥቶ፣ ጥቂት ተንሳፍፎ፣ ወደ ዛፎቹ ይበተናል። ማንም ወለል አይደበድብም። እንዲያውም የወታደሩ ሚስት የእጣኑን ሽታ ስትሰማ ስኒዋን ይዛ ትመጣለች።

ከቤቱ እስከ ወንዙ በእግር 12 ደቂቃ ነው። ኮለምበስ እ.ኤ.አ. በ1828 እዚህ ቦታ የተቆረቆረችው ወንዙ በዐለት ላይ እየተንደረደረ ስለሚወርድና ከደቡብ ሽቅብ የሚመጣ ጀልባ ከዚህ ማለፍ ስለማይችል ነው። በዚያው የውሃ ጉልበት የጥጥ ፋብሪካዎች ተተክለው ነበር፤ ዛሬ ከሸክላ ሕንጻዎቻቸው አንዳንዶቹ መኖሪያ ቤት ሆነዋል። በ2012 እና በ2013 ሁለቱን አሮጌ ግድቦች ካፈረሱ ወዲህ ውሃው በመሐል ከተማ ነጭ አረፋ እየደፈቀ ይወርዳል። አንድ ነገር ከአሁኑ ልንገርሽ፤ ከላይ ካለው ግድብ ውሃ ሲለቀቅ፣ ጠዋት ልጆች ቆመውበት የነበረው ዐለት ከሰዓት በኋላ ይሰወራል። ሚጡ ያለ መንሳፈፊያ ሰደርያ ወደ ዳርቻው እንዳትወርድ። እንደምትመጪ አድርጌ መጻፌን አሁን አስተዋልሁት።

የሚከብደውንም አልሸሽግሽም። ሜሪላንድ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው፤ እዚህ ጆርጂያ የሚሠራበት የፌዴራሉ 7.25 ነው። የእኛ ሥራ ከዚያ የተሻለ ቢከፍልም አንቺ ከለመድሽው ያንሳል፤ ሆኖም ኪራይ ከፍዬ የሚተርፈኝ እዚያ ሁለት ሥራ እየሠራሁ ይተርፈኝ ከነበረው ይበልጣል። ያለ መኪና አይኖርም። ቤቱ የድሮ የእንጨት ቤት ስለ ሆነ የማቀዝቀዣውን ቅዝቃዜ አይዝም፤ ባለፈው ኦገስት የመብራት 240 ዶላር ሲመጣብኝ ደንግጬ ነበር። ለቅዳሴ አትላንታ መሄድ ያስፈልጋል፤ መንገዱ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በሌሊት እንነሣለን፤ የወሩን ጤፍና በርበሬም በዚያው ሸምተን እንመለሳለን።

ውሉንም ደግመሽ ደጋግመሽ አንብቢ። እኔ መጀመሪያ የገባሁበት አፓርታማ ቀድሞ የነበረውን ጉዳት የሚዘረዝር ወረቀት ሳይሰጡኝ ፈርሜ፣ ስወጣ ከምንጣፉ ሥር የነበረውን ሻጋታ አንቺ ነሽ ያመጣሽው ብለው ዲፖዚቴን፣ ስገባ ያስያዝሁትን ገንዘብ፣ አስቀሩብኝ። ግድግዳውን ሁሉ ፎቶ አንሥቼ ቢሆን ኖሮ ያ ገንዘብ አይጠፋም ነበር። ከ2024 ጁላይ ወዲህ ዲፖዚት ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ የጆርጂያ ሕግ ወስኗል፤ የአሁኗ አከራያችን የጠየቁኝ የአንድ ወር ብቻ ነው። ደግ ሴት ናቸው፤ ቢሆንም አንቺ ስትገቢ ክፍል ለክፍል አብረን ዞረን፣ የተሰነጠቀውን ንጣፍ ሳይቀር ጽፈን እናስፈርማቸዋለን።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ለአንቺ ብቻ ያሰብሁ አስመስዬዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ይከብደኛል፤ ግን ለማን ልናገረው? ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አንድም የአማርኛ ቃል ከአፌ ሳይወጣ የማድርባቸው ሳምንታት አሉ። ልጄን በአማርኛ ስጠራው በእንግሊዝኛ ይመልስልኛል። ባለፈው ሳምንት የወታደሩ ሚስት ካርቶን ስታሰናዳ አይቼ ቤት ገብቼ አለቀስሁ፤ ያለቀስሁት ለእርሷ እንዳልነበረ ቆይቶ ነው የገባኝ። ለቅሶሽ ሳልደርስ ጎረቤት ሁኚኝ ማለት ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ። እምቢ ብትዪኝም አልቀየምሽም፤ ግን ደውዪልኝና እምቢ በዪኝ።

ከማታ ፈረቃ የምመለሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስልኬ ክፍት ነው። ወሩ 25 ከመድረሱ በፊት አንድ ቅዳሜ መጥተሽ ቤቱን ብታዪው ደግሞ ከሁሉ ይሻላል፤ ከአትላንታ አውሮፕላን ማረፊያ እኔ ራሴ እቀበልሻለሁ።

ምጣዳችን አሁንም አንቺ ዘንድ ነው? እኔ እዚህ የገዛሁት መሐሉ ብቻ ይግልና ዳር ዳሩ አያወጣም። ለመኖር ከመጣሽ እርሱን እንዳትረሺው።

ሚጡን ሳሚልኝ።

እህትሽ