አላቋረጥኩም፤ እርማት ይውጣልኝ

ይድረስ ለክቡር የስፖርት ገጽ አዘጋጅ

ባለፈው ሳምንት ስለ ማውንቴን ብስክሌት፣ ማለትም ስለ ተራራ ብስክሌት ውድድር፣ ባወጣችሁት ዘገባ «የድሬዳዋዋ ተወዳዳሪ ድካሙን መቋቋም ባለመቻሏ ውድድሩን አቋርጣ ወጥታለች» ብላችኋል። ተወዳዳሪዋ እኔ ነኝ። አላቋረጥኩም። የስሜ ፊደል ተሳስቷል፣ ፎቶውም የእኔ አይደለም፤ እነዚህን ልለፋቸው እችላለሁ። አቋርጣለች መባሌን ግን አላልፈውም።

በአገር አቋራጭ የማውንቴን ብስክሌት ውድድር የ80 በመቶ ደንብ አለ። መሪዋ የመጀመሪያውን ዙር የፈጸመችበት ሰዓት ይያዛል፤ ከእርሷ ጋር ያላት ልዩነት የዚያን ሰዓት 80 በመቶ የደረሰባት ተወዳዳሪ ዙሯን ስትጨርስ በዳኞች ትእዛዝ ከውድድሩ ትወጣለች። መሪዋ ዙሩን በ12 ደቂቃ ከጨረሰች ገደቡ 9 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ነው። መሪዎቹ ዞረው ሲመጡ በጠባቡ መንገድ ላይ ከዘገዩት ጋር እንዳይጋጩ የሚደረግ ነው። እንዲህ የወጣች ተወዳዳሪ ደረጃ ይሰጣታል፤ በውጤት መግለጫው ላይ ከስሟ አጠገብ የቀሯት ዙሮች ይጻፋሉ። በራሷ ፈቃድ ያቋረጠች ግን ደረጃ የላትም። ዘጋቢያችሁ በዚያው ጽሑፍ የመጨረሻ አንቀጽ ላይ ደረጃዬን አስፍሯል። ያቋረጠች ሰው ደረጃ ከየት ታመጣለች? የራሱን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ያላነበበ ሰው የእኔን ድካም በምን ዐይኑ አየው?

የሆነውን ልንገራችሁ። እንዲህ ያለው የባለሙያዎች ውድድር በአንድ ቀን አያልቅም። ከእሑዱ ዋና ውድድር በፊት ከ2 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ዙር ላይ የሚካሄድ፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ የሚፈጅ አጭር ውድድር አለ። በዓለም ዋንጫ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የእሑዱን የፊት መነሻ ረድፎች የሚወስነው የዚህ ውጤት ነው። የቀረው በነጥብ ይደረደራል። ዓመቱን ሙሉ ከአገር አገር እየተዘዋወረ የሚወዳደር ሰው ነጥብ ያጠራቅማል፤ እኔ ስለሌለኝ የቆምኩት መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። መንገዱ አንድ ብስክሌት ብቻ ወደሚያሳልፍ ጥርጊያ ሲገባ ከፊቴ ያሉት ሁሉ ወርደው በእግር ይገፉ ነበር። እኔም ወርጄ ገፋሁ። በዚያን ጊዜ መሪዋ ከዐይን ርቃ ነበር።

ቀጥሎ ድንጋያማው ቁልቁለት ላይ የኋላ ጎማዬ ተቀደደ። ከተፈቀደው የጥገና ክልል ውጭ ከዳር የቆመ ሰው ሊረዳ አይችልም፤ የቡድን አጋር የሌለው ተወዳዳሪ ራሱ ይጠግናል። ጎማውን አውልቄ፣ የያዝኩትን የውስጥ ጎማ ቀይሬ፣ ነፍቼ ተነሣሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 በፓሪስ ኦሊምፒክ እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ ጎማው ተንፍሶበት 40 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ከቀረ በኋላ ተመልሶ ወርቅ ወስዷል። ለእርሱ በጥገናው ክልል ቡድን ቆሞለታል። ለእኔ የቆመልኝ ሰው አልነበረም። ጠግኜ የተነሣሁት ልጨርስ ነው፤ ዳኛው እጁን ዘርግቶ እስኪያስቆመኝ ድረስ ከፔዳል አልወረድኩም። ማቋረጥ ብፈልግ ኖሮ ብስክሌቴን ተሸክሜ ወደ ዳር መውጣት እችል ነበር።

ከዚህ ሁሉ ያቃጠለኝ ምክንያት ብላችሁ የጻፋችሁት ነው። «ከሜዳማዋ ድሬዳዋ የመጣች በመሆኗ ዳገት አልለመደችም» ትላላችሁ። ዘጋቢያችሁ ድሬዳዋን የሚያውቃት በከዚራ ጥላ ሥር ተቀምጦ ከሆነ እንደዚያ ሊመስለው ይችላል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ። በመካከላቸው የደንገጎ ዳገት አለ። እኛ የምንለማመደው ደንገጎ ላይ ነው፤ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ጫት የጫኑ መኪኖች ከላይ እየተምዘገዘጉ ሲወርዱ፣ ዳሩን ይዘን እንወጣለን። ውኃ በሌለበት ወራት በደቻቱ ወንዝ ውስጥ በአሸዋ ላይ እንነዳለን። ዳገት አልለመዱም የተባሉት እነዚህ ልጆች ናቸው። የጎደለንን ጠይቃችሁን ቢሆን እውነቱን እንነግራችሁ ነበር፦ ድንጋይና ዝላይ ያለበት፣ ለቁልቁለት መለማመጃ የተዘጋጀ መስመር የለንም። ማውንቴን ተብዬው እኔ ያደግኩበት ውድድር በአብዛኛው አስፋልት ላይ ነበር። በማውንቴን ብስክሌት አስፋልት ላይ ያደገች ልጅ ድንጋይ ላይ ብትዘገይ ጥፋቱ የከተማዋ አይደለም፤ የሳንባዋም አይደለም።

ልትጠይቁኝ ስልኬ ነበራችሁ። ከመሄዴ በፊት ደውላችሁ ፎቶ አስልካችሁኛል፤ ያንንም አላወጣችሁትም። ከተመለስኩ በኋላ የደወለልኝ የለም። ዘገባውን አንብበው የደወሉልኝ ሌሎች ናቸው። ለጉዞዬ ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ለምን እንደተውኩት ጠየቁኝ። እናቴ ታምሜ የደበቅኋት መስሏት አለቀሰች። አብራኝ የምትለማመድ ታዳጊ «እውነት ደክሞሽ ነው የተውሽው?» አለችኝ። ለእርሷ ስለ 80 በመቶ ደንብ ማስረዳት የነበረበት ጋዜጣው ነው፤ እኔ ላብራራ ስሞክር ምክንያት የምደረድር መሰልኩ።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተሳተፈችበት በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ከአትሌቶቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያለ ስፖርት ነው። ለሩጫ ዘገባ የሰከንድ ክፍልፋይ የምትቆጥሩትን ያህል ለእኛም አንድ የውጤት መግለጫ ገልጣችሁ እንድታነቡ መጠየቅ ብዙ አይደለም።

ስለዚህ እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንዲወጣ እጠይቃለሁ። በዳኞች ውሳኔ በ80 በመቶ ደንብ መውጣቴ፣ ደረጃ መያዜ ይጻፍ፤ «ሜዳማዋ» የሚለውም ይሰረዝ። የውጤት መግለጫውንና የደንቡን አንቀጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬያለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት ብስክሌተኛ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ